አዲስ የቤት እባብ እጅ የሚፈራው ለምንድን ነው? እንዴትስ ይላመዳል?

እባብ የሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ ተደጋግሞ የሚሰማ ቅሬታ አለ። ሻጩ ጋ እጅ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠው እባብ አዲሱ ቤት ከገባ በኋላ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ይፏጫል፣ አንገቱን አጥፎ ይወረወራል፣ ወይም ከመደበቂያው ጨርሶ አይወጣም። ገዢውም "ቁጡ እባብ ሰጡኝ" ብሎ ያዝናል። እባቡ ግን ጠባዩን አልቀየረም። ሻጩ ጋ ዝም ያለው በድንጋጤ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ አሁን የሚፏጨው ደግሞ የት እንዳለ ስለማያውቅ ነው። ሁለቱም የፍርሃት መልኮች ናቸው።

ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ መርዝ ስለሌላቸውና በብዛት በቤት ስለሚያዙ እባቦች ነው፦ ኮርን ስኔክ፣ ኪንግ ስኔክ፣ ሚልክ ስኔክ እንዲሁም ቦል ፓይተን ስለሚባለው አነስተኛ ዘንዶ። መርዛማ እባብን እጅ ማስለመድ የሚባል ነገር የለም። ለዓመታት ዝም ያለ መርዛማ እባብ አንድ ቀን ሊነድፍ ይችላል፤ ያ አንድ ቀን ደግሞ ይበቃል።

እባብ በእርግጥ ሰውን ይላመዳል?

ይላመዳል። አንድ እንስሳ አንድን ነገር ደጋግሞ ሲያጋጥመውና ጉዳት ሳይደርስበት ሲቀር፣ ለዚያ ነገር የሚሰጠው የፍርሃት ምላሽ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ መላመድ ማለት ይኸው ነው። ከፍቅርም ከታዛዥነትም የተለየ ነገር ነው። ውሻ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ከሰው ጋር ለመኖር እየተመረጠ የተራባ እንስሳ ነው። በቤት የሚያዙ እባቦች ግን ለትውልዶች ተመርጠው መራባት የጀመሩት በቅርብ አሥርት ዓመታት ውስጥ ነው፤ ያውም አርቢዎቹ ይመርጡ የነበረው በአብዛኛው የቆዳ ቀለማቸውን እንጂ ጠባያቸውን አይደለም። ስለዚህ እባቡ እንደ ውሻ በናፍቆት እንዲቀበለን መጠበቅ ተገቢ አይደለም። ልንደርስበት የምንችለው ግብ አንድ ነው፦ እባቡ እጃችንን እርሱን ከሚበሉት ነገሮች ዝርዝር ውስጥ እንዲያወጣ ማድረግ።

እባብ መማር አይችልም የሚለው የቆየ አስተሳሰብ ግን ስህተት ነው። በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ዴቪድ ሆልትዝማን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጥናት፣ ወጣት ኮርን ስኔኮች በአንድ ክፍት መድረክ ላይ ካሉ ቀዳዳዎች መካከል ማምለጫ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ተምረዋል፤ ከተለማመዱ በኋላም ፈጥነው ደርሰውበታል። ይህ ለአሳዳጊው የምሥራችም ማስጠንቀቂያም ነው። እባቡ ከእኛ አያያዝ ይማራል፤ እጅ ጉዳት እንደሌለው ሊማር ይችላል፣ እጅ ሁልጊዜ አንቆ የሚይዝ ነገር መሆኑንም ሊማር ይችላል።

እጃችን ለእባቡ ምን ዓይነት ነገር ነው?

ይህን ጥያቄ በጥቂቱም ቢሆን የመለሰ ሰው የቀረውን ምክር ሁሉ ባይነገረውም ያገኘዋል ብዬ አምናለሁ።

እባብ የዐይን ሽፋን የለውም። ዐይኑን የሚሸፍነው ግልጽ የሆነ ቅርፊት ነው፤ ስለዚህ ተኝቶም ቢሆን ዐይኑ እንደተከፈተ ነው። ነቅቷል ብለን ድንገት ስንነካው ከእንቅልፉ እያስደነገጥነው ሊሆን ይችላል። በተፈጥሮ ብዙ ጠላቶቹ የሚመጡበት ከላይ ነው፤ አሞሮችና ሌሎች አዳኝ ወፎች ይወርዱበታል፣ ትላልቅ እንስሳትም ጎንበስ ብለው ያነሱታል። የአብዛኞቹ የእባብ ሣጥኖች ክዳን ደግሞ የሚከፈተው ከላይ ነው። እኛ በደግነት የምንዘረጋው እጅ ለእርሱ ከሰማይ የወረደ ጥላ ነው።

ዓለምን በዋናነት የሚያነበው በምላሱ ነው። ሁለት ጫፍ ያለው ምላስ ከአየርና ከመሬት ላይ የጠረን ቅንጣቶችን እየሰበሰበ በላንቃ ላይ ወዳለ የስሜት አካል ያደርሳል። ይህ አካል የጃኮብሰን አካል ይባላል፤ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1813 ስለ አካሉ ከጻፈው የዴንማርክ ሐኪም ከሉድቪግ ጃኮብሰን ነው። አይጥ የነካ እጅ አይጥ አይጥ ይሸታል፤ ለእባቡ ደግሞ ከሚያየው ነገር ይልቅ ጠረኑ ብዙ ይነግረዋል። ቦል ፓይተን በዚህ ላይ ሌላ መሣሪያ አለው፤ በከንፈሩ ዙሪያ ያሉ ትንንሽ ጉድጓዶች ሙቀትን ይለያሉ። በጨለማ ውስጥ የገባ የሰው እጅ ለእርሱ የሚንቀሳቀስ ሞቃት ነገር ሆኖ ይታየዋል፤ የሚበላውም አይጥ እንዲሁ የሚንቀሳቀስ ሞቃት ነገር ነው።

ስለ መስማትም የተሳሳተ እምነት አለ። ውጫዊ ጆሮና የጆሮ ታምቡር ባይኖረውም፣ እባብ ከመንጋጋ አጥንት ጋር የተያያዘ የውስጥ ጆሮ አለው፤ በመሬትና በዕቃ የሚተላለፍ ንዝረትን በደንብ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ በቦል ፓይተኖች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ በአየር የሚመጣ ዝቅተኛ ድምፅንም፣ በተለይ ከ80 እስከ 160 ሄርዝ ያለውን፣ የራስ ቅላቸው ሲንቀጠቀጥ እንደሚሰሙት አሳይቷል። የወፍራም ድምፅ ማጉያ ምት፣ የበር ድብደባና ከባድ እርምጃ ይደርሱታል። ሣጥኑ ድምፅ ማጉያው አጠገብ ተቀምጦ "ይህ እባብ ምን ያስደነግጠዋል?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱ አጠገቡ አለ።

ከመጣ በኋላ ለስንት ጊዜ ሳይነካ ይቆይ?

ቢያንስ ለአንድ ሳምንት። የተሻለው ግን ቀን መቁጠሩን ትቶ ምግብን መለኪያ ማድረግ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሳያቅማማ ከበላ፣ አዲሱን ቦታ እንደ መኖሪያው መቁጠር ጀምሯል ማለት ይቻላል። የፈራ እባብ አይበላም። በተለይ ቦል ፓይተን ቦታ ሲቀየርበት ለሳምንታት ምግብ የመተው ልማዱ የታወቀ ነው። አልበላ ብሎ የተጨነቀ አሳዳጊ ደጋግሞ እያወጣ ሲያየው ደግሞ ፍርሃቱ ይብሳል፤ ረሃቡም ይረዝማል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ሣጥኑ ላይ ነው። ቢያንስ ሁለት መደበቂያ ያስፈልጋል፤ አንዱ በሞቃቱ ጫፍ፣ ሌላው በቀዝቃዛው። አንድ ብቻ ከሆነ እባቡ ሙቀቱን ወይም መሸሸጊያውን መምረጥ ይኖርበታል። መደበቂያው ሰፊ መሆን የለበትም፤ ተጠቅልሎ ሲገባ ጎኑና ጀርባው ግድግዳውን የሚነካበት ጠባብ ቦታ ነው የሚያረጋጋው። ባዶና ሰፊ የመስታወት ሣጥን ለተመልካች ያምራል፣ ለእባቡ ግን ሜዳ ላይ ራቁቱን መቆም ነው። ሦስቱን ጎን በወረቀት ወይም በጨርቅ መሸፈንና መሬቱን በቅጠልና በቅርንጫፍ መሙላት ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ሙቀቱም እንዲሁ በግምት አይተውም። እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ነው፤ ለቦል ፓይተን ሞቃቱ ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቀዝቃዛው 25 ወይም 26 ገደማ ሲሆን፣ ኮርን ስኔክ ከዚህ በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ያለውን ይመርጣል። ማሞቂያው ሙቀትን በሚቆጣጠር መሣሪያ (ቴርሞስታት) ካልተገደበ ሊያቃጥለው ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች "መደበቂያ ከሰጠሁት መቼም አይላመድም" ብለው መደበቂያውን ያነሱበታል። ይህ ምክር ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። መሸሸጊያ እንዳለው የሚያውቅ እባብ ወጣ ብሎ ለማየት ይደፍራል። መሸሸጊያ የሌለው ደግሞ ያለው ምርጫ መከላከል ብቻ ነው። ቁጡ ተብለው ከተመለሱ እባቦች መካከል ብዙዎቹ የጎደላቸው ይህቺው ናት።

መፍራቱ በምን ይታወቃል?

አንዳንዱ ምልክት ማንም የሚያውቀው ነው። አንገትን እንደ ምንጭ አጥፎ ወደ ኋላ መሰብሰብ፣ ማፏጨት፣ አየር ስቦ ሰውነትን መንፋት፣ ጅራትን በፍጥነት ማርገብገብ። ኮርን ስኔክ ጅራቱን ደረቅ ቅጠል ላይ ሲያርገበግብ የሚወጣው ድምፅ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። አንዳንዶቹ ከጅራታቸው ሥር የሚከረፋ ፈሳሽ ይለቃሉ። ቦል ፓይተን ደግሞ ራሱን መሃል አድርጎ እንደ ኳስ ይጠቀለላል።

በቀላሉ የማይታወቀው ዝምታው ነው። እጅ ላይ ምንም ሳይንቀሳቀስ፣ ምላሱን ሳያወጣ፣ ጡንቻው ጠጥሮ የተቀመጠ እባብ ለጎብኚ "እንዴት ያለ ጨዋ ነው" ያሰኛል። ፎቶ የሚነሳውም በአብዛኛው ይህ ነው። የተረጋጋ እባብ ግን ይንቀሳቀሳል፤ በዝግታ፣ ምላሱን ረጋ ባለ ምት እያወጣና እያስገባ፣ በጣቶች መካከል እየሾለከ፣ ሰውነቱን ሳያጠብቅ ክብደቱን ጥሎ። ድንገተኛና የሚቆራረጥ ሩጫ ደግሞ ፍርሃት ነው። በእነዚህ በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ዐይን ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በማይነካበት ሳምንት ከሣጥኑ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ማየት ጊዜ ማባከን አይደለም።

የመጀመሪያው ማንሳት እንዴት ይሁን?

መጀመሪያ እጅ ይታጠባል፤ ሽታው ጠንከር በማይል ሳሙና። ከዚያ ክዳኑ ይከፈትና ትንሽ ይቆያል። ብዙ ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት በቀጭን ዘንግ ወይም በተጠቀለለ ወረቀት የእባቡን መሃል ገላ ቀስ አድርገው ይነካሉ። ይህ በር እንደ ማንኳኳት ነው። ምግብ ሲመጣ ማንኳኳት የለም፤ እጅ ሲመጣ ሁልጊዜ አለ። ከጊዜ በኋላ እባቡ ያ ነገር ሲነካው የሚበላ ነገር እንደማይመጣ ይለያል፤ አንገቱን ከማጠፍ ይልቅ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ቀደም ሲል ይሰጥ የነበረው ምክር እባቡ ክዳን መከፈትን ከምግብ ጋር እንዳያያይዝ በሌላ ሣጥን ይመገብ የሚል ነበር። ዛሬ ብዙዎች ትተውታል፤ ምግብ የሚጠብቅና የበላ እባብን ወዲያና ወዲህ ማመላለስ እርሱን ያስጨንቀዋል፣ አሳዳጊውንም ለንክሻ ያጋልጠዋል።

እጅ የሚገባው ከጎን ነው፤ ከላይ አይደለም፤ ወደ ራሱም አይደለም። ከመሃል ገላው ሥር ገብቶ በአንድ ወጥ እንቅስቃሴ ማንሳት፣ ሁለተኛውን እጅ ደግሞ ወደ ጅራቱ ቀረብ አድርጎ መደገፍ። እያመነታ አንዴ የሚገባ አንዴ የሚወጣ እጅ ከሁሉ የከፋው ነው፤ አዳኝ እንስሳ የሚያንዣብበው እንዲህ ነው። እየፈሩ ከሆነ መጀመሪያ እጅን ሣጥኑ ወለል ላይ አሳርፎ ለጥቂት ደቂቃ መተውና ክዳኑን ዘግቶ መሄድ ይቻላል። ያም እንደ አንድ ልምምድ ይቆጠራል።

ከተነሳ በኋላ አይጨበጥም። አንገትን ከኋላ መያዝ የሐኪም ሥራ ነው፤ ለእባቡ ትርጉሙ መያዝና መሞት ነው። ይልቅ እጆች እንደ ቅርንጫፍ ይሁኑ፤ ከአንዱ ሲያልቅ ሌላውን ከፊቱ ማቅረብ፣ እንዲሄድ እየተዉ አቅጣጫውን ብቻ መቀየር። ወለል ላይ ወይም አልጋ ላይ ተቀምጦ መያዝ ይመረጣል፤ ቢወድቅ ከፍታው አይጎዳውም። መሬት ሳይደገፍ የተንጠለጠለ እባብ እወድቃለሁ ብሎ ይፈራል፤ አጥብቆ የሚጠመጠመውም ሊያንቅ ፈልጎ ሳይሆን እንዳይወድቅ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በቀኖቹ መካከል ዕረፍት እየሰጡ፣ ቀስ በቀስ ወደ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ማሳደግ። በየቀኑ ለረጅም ሰዓት መያዝ መላመዱን አያፋጥንም። "እስኪደክመው ያዘው፤ ከዚያ ይተዋል" የሚል ምክርም አለ። እባቡ በእርግጥ ይተዋል፤ ግን ይህ ተስፋ መቁረጥ እንጂ መላመድ አይደለም፤ በሚቀጥለው ቀን ፍርሃቱ ባለበት ይገኛል።

ቢወረወርብንስ?

በመጀመሪያ ሁለቱን ንክሻዎች መለየት ያስፈልጋል። የመከላከል ንክሻ ነክቶ የሚመለስ ነው፤ ብዙ ጊዜ አፉን ሳይከፍት በአፍንጫው ብቻ የሚመታበትም አለ። የምግብ ንክሻ ግን ይይዛል፣ አይለቅም፣ ይጠመጠማል። የመጀመሪያው "ሂድልኝ" ነው፤ ሁለተኛው መሳሳት ነው፤ መንስኤውም ያልታጠበ እጅ ወይም የምግብ ሰዓት ነው።

እባቡ ሲወረወር እጃችን በራሱ ይሸሻል። እጅ በሸሸ ቁጥር ደግሞ እባቡ አንድ ነገር ይማራል፦ መወርወር ይሠራል። ስለዚህ ከተቻለ እጁን በሆነበት አቁሞ፣ አንገቱ እስኪፈታና ምላሱ መውጣት እስኪጀምር ጠብቆ፣ ከዚያ በዝግታ መመለስ ነው። ማስፈራሪያውን ንቆ እየታገሉ ማንሳትም መፍትሔ አይሆንም፤ ማፏጨቱ ካልሠራለት በቀጥታ ወደ ንክሻ ይሸጋገራል። ልምምዱ የሚያልቀው እባቡ በተረጋጋበት ቅጽበት ላይ ይሁን፤ ምንም እንኳ ያ ቅጽበት ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ቢሆን።

ቀጭን ጓንት ለሚፈራ ሰው ድፍረት ይሰጣል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ከቀነሰ ለእባቡም ይጠቅመዋል። ወፍራም የሥራ ጓንት ግን ምን ያህል እየጨበጥን እንደሆነ እንዳናውቅ ያደርገናል።

ከያዘና ካልለቀቀ መጎተት አይገባም። ጥርሶቹ ወደ ኋላ የታጠፉ ስለሆኑ መጎተት ቁስሉን ያሰፋል፣ የእርሱንም ጥርስና መንጋጋ ይጎዳል። ቀዝቃዛ ውኃ ራሱ ላይ ማፍሰስ፣ ካልሆነም ጥቂት የአልኮል ጠብታ ከአፉ ጎን ማድረግ በአብዛኛው ያስለቅቀዋል። ቁስሉ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፤ ካበጠ ወይም የጥርስ ስባሪ ከቀረ ሐኪም ይየው።

ጨርሶ መንካት የሌለብን መቼ ነው?

ከበላ በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት፤ የበላው ትልቅ ከሆነ ከዚያም በላይ። የተረበሸ እባብ የዋጠውን መልሶ ሊያወጣ ይችላል፤ ይህ ለሰው እንደሚሆነው ቀላል ማስታወክ አይደለም፤ ጉሮሮውን የሆድ አሲድ ይጎዳዋል። ከተከሰተ ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይነኩት፣ ሳይመግቡት፣ ውኃ ብቻ አድርገው ይተዉት፤ ከዚያ በትንሽ ምግብ ይጀምሩ።

ቆዳውን ሊቀይር ሲቃረብም እንዲሁ። ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ዐይኑን የሸፈነው ቅርፊት ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ነጭ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በደንብ አያይም፤ ሌላ ጊዜ የማይነክሰው እባብ ሊነክስ ይችላል። ቆዳውን እስኪጥል መታገሥ ነው።

የለመደ እባብ ድንገት ቁጡ ከሆነም ስለ ጠባይ ከማሰብ በፊት ስለ ጤና ማሰብ ይገባል። ሲተነፍስ ሲር ሲር ማለት፣ ከአፉ አረፋ ወይም ንፍጥ መውጣት፣ በቅርፊቶቹ መካከል የሚሄዱ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች፣ ያለ ምክንያት መክሳት፤ እነዚህ የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ናቸው።

ሰውስ ምን ይጠንቀቅ?

ጤነኛ የሚመስል እባብ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ከያዙት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ዕቃውን ምግብ በሚዘጋጅበት ቦታ አለማጠብ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ አረጋውያንና የበሽታ መከላከያ አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ባይነኩት ይመረጣል። ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም የሚጠመጠም እባብ ደግሞ ብቻን አይያዝም፤ ሁለተኛ ሰው አጠገብ ይኑር።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ጨርሶ ባይላመድስ?

አንዳንዱ በጥቂት ሳምንት፣ አንዳንዱ በወራት። ከእንቁላል በቅርብ የወጣ ጫጩት ከትልቁ ይልቅ ፈሪ ነው፤ በዱር ውስጥ ወፉም፣ እንሽላሊቱም፣ ሌላው እባብም ይበላዋልና በሁሉ ላይ መወርወሩ ተገቢ ነው። ገላው ሲያድግ ፍርሃቱም ብዙ ጊዜ አብሮ ይቀንሳል። በሰው እጅ ተፈልፍሎ ካደገው ይልቅ ከዱር የተያዘው ብዙ ጊዜ ይወስድበታል፤ ጥገኛ ተሕዋስያን ይዞ የመምጣት ዕድሉም ሰፊ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ከየት እንደመጣ መጠየቅ ኋላ የሚመጣውን ብዙ ድካም ያስቀራል።

መቼ እንደበላ፣ መቼ ቆዳ እንደቀየረ፣ በተያዘ ጊዜ ምን እንዳደረገ በማስታወሻ ደብተር መጻፍ ይረዳል። ከቀን ወደ ቀን ለውጥ አይታይም፤ የዛሬውን ከሁለት ወር በፊት ከነበረው ጋር ስናነጻጽር ግን ይታያል። አንዳንዴ የሚያሳየው ማሽቆልቆልን ነው፤ ያኔ ልምምዱን አቁሞ ለሁለት ሳምንት መተውና ሣጥኑን እንደገና መመርመር ይሻላል።

ሁሉም ተደርጎ የማይላመድ እባብም አለ። ይህ የአሳዳጊው ውድቀት አይደለም፤ እባቡም ጎደሎ አይደለም። እባብ ለጤንነቱ ሲባል በእጅ መያዝ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ለጽዳትና ለሕክምና መንቀሳቀስ መቻሉ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን እባብ ሳይነኩት ማዛወር ይቻላል፤ ቀዳዳው የሚዘጋ መደበቂያ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ እባቡ በራሱ ጊዜ ይገባል፣ ቀዳዳው ይዘጋና መደበቂያው ከነእባቡ ይነሳል። ሣጥኑ ተጠርጎ ሲያልቅ መደበቂያው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ቀዳዳውም ይከፈትለታል።